ዓሣው ከመታመሙ በፊት ውሃው ይታመማል

በድሬዳዋ ከተማ ውሃ የማያጠራቅም ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ከተማዪቱ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቈረቈረች ስትሆን፣ የደጫቱ ወንዝዋ ግን ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጠጣው ውሃ ከከርሰ ምድር ይቀዳል፤ ከተቀዳም በኋላ በበርሜል፣ በጋንና በሲሚንቶ ገንዳ ይቀመጣል። ይህ ልማድ ለነዋሪው የሕይወት ዋስትና ነው። በቅርብ ዓመታት ግን ለአንድ ክፉ እንግዳም መኖሪያ ሆኗል።

እንግዳው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ይህ የእስያ ትንኝ በአፍሪካ ምድር መጀመሪያ የታወቀው በ2012 በጅቡቲ፣ በአገራችን ደግሞ በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። የዝናብ ኩሬ አይጠብቅም፤ በቤት የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። በድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕሙማን ብቻ ተመዝግበው ሳለ፣ በ2022 ቁጥሩ ከ2,400 በላይ ደረሰ። ተመራማሪዎችም የወረርሽኙን መነሻ ከዚሁ ትንኝ ጋር አያያዙት።

እንዲህ ያለ ችግር ሲደርስ አንድ የቆየ ሐሳብ ተመልሶ ይነሣል፤ ይኸውም የትንኝ እጭ የሚበላ ዓሣ በገንዳው ውስጥ ማኖር ነው። ሐሳቡ ለአካባቢያችን ባዕድ አይደለም። በ1980ዎቹ በጅቡቲ አፋኒየስ ዲስፓር የተባለው ትንሽ የአገር ዓሣ ለወባ መከላከያ ሥራ ውሏል። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችው በአሰብም ይኸው ዓሣ በጕድጓዶች፣ በገንዳዎችና በበርሜሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ1992 ታትሟል። ነገር ግን ዓሣን ገንዳ ውስጥ መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ በሕይወት ማቆየቱ የራሱ ታሪክ ያለው ሙያ ነው።

በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ውስጥ ተክልና ከቀንድ አውጣዎች ጋር በአንድ ማቆያ አኑሮ፣ ተክሉ ለዓሦቹ ኦክሲጅን ሲያመነጭ ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን ቅጠል እንደሚያጸዱ አሳየ። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ። ይሁን እንጂ የብዙ ዓሦች ሞት ምስጢር ገና አልተፈታም ነበር። ዓሣ ከስንጥቡ የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። በ1890 ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች ሥራ ገለጠ። ከእነዚህ ሦስቱ ለዓሣው በአንጻሩ የሚቻለው ናይትሬት ነው። ባክቴሪያዎቹ በአዲስ ገንዳ ግድግዳ ላይ በበቂ ሁኔታ እስኪረቡ ብዙ ሳምንታት ይወስዳሉ። በአንድ ቀን ብዙ ዓሦች የሚጨምር ሰው ብዙ ሬሳ የሚያወጣውም ስለዚህ ነው።

በሽታውም ቢሆን ከውሃው ተነጥሎ አይታይም። ፉኬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1876 የገለጸው ጥገኛ ተሕዋስ የዓሣውን ቆዳ በነጭ ነጠብጣብ ይሸፍናል። ተሕዋሱ በቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አያገኘውም፤ የሚሞተው ወጥቶ በውሃ ውስጥ ሲዋኝ ነው። ስለዚህ ሕክምናው በተከታታይ ቀናት ሊደገም ይገባል። ዓሣው ግን በሙቀት፣ በአሞኒያ ወይም በኦክሲጅን እጥረት ተዳክሞ ከቆየ፣ ነጠብጣቡ ቢጠፋም በሌላ ደዌ ይሞታል።

በድሬዳዋ ሦስት ነገሮች ይህን ሥራ ያከብዱታል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ ወደ 7.6 ይወርዳል፤ ከተማዪቱ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ሁለተኛው በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው የኖራ ውሃ ነው። ውሃው ወደ አልካላይነት ባዘነበለና በሞቀ መጠን የአሞኒያ መርዝነት ያይላል። ሦስተኛው ክሎሪን ነው። ሰውን ከኮሌራ የሚጠብቀው መጠን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ገንዳው ታጥቦ በቧንቧ ውሃ በተሞላ ማግስት ዓሦች ሞተው ቢገኙ ሊያስደንቅ አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው የሕክምናው ጥያቄ ነው። የቤቱ ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ የዓሣ መድኃኒት መጨመር ፈጽሞ አይፈቀድም። ለነጭ ነጠብጣብ ለረጅም ዘመን የታዘዘው ማላካይት ግሪን ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር በመሆኑ፣ ለምግብ በሚውሉ ዓሦች ላይ በአውሮፓና በአሜሪካ ተከልክሏል። ስለሆነም የታመመው ዓሣ ወደ ሌላ ዕቃ ይዛወራል፤ በዚያም ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ፣ በየቀኑ ከፊሉ እየተለወጠ ይታከማል። እዚህ ላይ የአገሩ ዓሣ ብልጫ ይታያል። አፋኒየስ ጨዋማ ውሃ የለመደ በመሆኑ፣ ብዙዎቹን የጣፋጭ ውሃ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚያዳክመውን የጨው ሕክምና በቀላሉ ይችለዋል።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቻችን ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት ምንድን ነው? የመጠጥ ውሃ በክሎሪን ይታከም፤ ዕቃውም ትንኝ በማያስገባ ክዳን ይዘጋ። የዓሣው ቦታ ክሎሪን በሌለበት፣ ክዳንም በማይገጥምለት የግንባታና የአትክልት ገንዳ ነው። በዚያም ቢሆን ኃላፊ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ዓሣ አከፋፍሎ መሄድ ዘመቻ ይባል ይሆናል፤ ከወር በኋላ ተመልሶ ውሃውን የሚመረምር ከሌለ ግን፣ ዓሦቹ ሞተው ሕዝቡ ጥበቃ ያለው እየመሰለው ይቀራል። ዓሣው ላይ ላዩን እየተንሳፈፈ አየር ሲጐርስ ሲታይ፣ አስተዋይ ባለሙያ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከማንሣቱ በፊት እጁን ወደ ውሃው ይሰዳል።