በመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት፦ ዝሆንና ሌሎች

ዝሆን በየብስ ላይ ከሚኖሩ እንስሳት ሁሉ ግዙፉ ነው። በኢትዮጵያ የሚገኘው የአፍሪካ የሣር ምድር ዝሆን የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ በአንድ ወቅት ከሰሜን ደጋ እስከ ደቡብ ቆላ ይዘዋወር ነበር። ዛሬ እርስ በርስ በተራራቁ ጥቂት ሥፍራዎች ብቻ ተወስኗል፤ በአገሪቱ ያለው ቁጥርም ወደ 2,000 ገደማ ይገመታል። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ቆርኬ፣ የዱር አህያ፣ የደጋ አጋዘንና አቦሸማኔም ተመሳሳይ ዕጣ ተጋርጦባቸዋል። የዱር እንስሳ በአንድ ጀምበር አይጠፋም። መጀመሪያ ከአንድ ሸለቆ፣ ቀጥሎ ከአንድ አውራጃ፣ በመጨረሻም ከአገር ይጠፋል። ስለዚህ የመጥፋት አደጋን ለመረዳት ከቁጥሩ ባልተናነሰ እንስሳው የለቀቀውን መሬት ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአደጋው መለኪያ

የዝርያዎችን ሁኔታ የሚመዘግበው የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ1964 ጀምሮ «ቀይ መዝገብ» የተባለ ዝርዝር ያዘጋጃል። በዚህ መዝገብ ከ47,000 በላይ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያዎች የመጥፋት ሥጋት ያለባቸው ተብለው ተመድበዋል። የአፍሪካ ዝሆን ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ሲመዘን ቆይቶ በ2021 ለሁለት ተከፈለ፤ የሣር ምድሩ ዝሆን «በአደጋ ላይ»፣ የጫካው ዝሆን ደግሞ «እጅግ በከፋ አደጋ ላይ» በሚለው ደረጃ ገቡ።

የዝሆን አኗኗር

ትልቅ ወንድ ዝሆን እስከ 6 ቶን ይመዝናል፤ በቀን እስከ 150 ኪሎ ግራም ሣር፣ ቅጠልና የዛፍ ልጣጭ ይመገባል። ከሚበላው ፍሬ ብዙው ዘር ሳይፈጭ ከፋንድያው ጋር ስለሚወጣ፣ በተጓዘበት ሁሉ ዛፍ ይዘራል። በበጋ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ቆፍሮ ውኃ ሲያወጣ ሌሎች እንስሳትም ከዚያው ይጠጣሉ።

መንጋውን የምትመራው አንጋፋ ሴት ዝሆን ናት። በድርቅ ዘመን ውኃ የሚገኝበትን ሥፍራና አደጋ የሌለበትን መንገድ የምታውቀው እርሷ ናት፤ ቀሪዎቹም ከእርሷ ይማራሉ። አዳኝ ረጅም ጥርስ ስለሚፈልግ ቀድመው የሚገደሉት ግን በዕድሜ የገፉት ናቸው። አንጋፋዋ ስትሞት መንጋው መሪውንና የቆየ ዕውቀቱን አብሮ ያጣል።

የዝሆን እርግዝና 22 ወር ይፈጃል። እናት በአብዛኛው አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ ቀጣዩን ለመውለድም ከ4 እስከ 5 ዓመት ይወስድባታል። በመሆኑም በጥቂት ወራት የተገደለ መንጋ ተመልሶ እንዲተካ አሥርት ዓመታት ያስፈልጋሉ። የሞዛምቢክ የጎሮንጎሳ ፓርክ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከ1977 እስከ 1992 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ከፓርኩ ዝሆኖች ከ90 በመቶ በላይ አለቁ። ከጦርነቱ በፊት ጥርስ የማያበቅሉት ሴት ዝሆኖች 18.5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ 51 በመቶ ደረሱ። ጥርስ ያላቸው ተለይተው ስለተገደሉ ጥርስ አልባነትን የሚያወርሱት ተርፈው ተባዙ።

ዝሆን በኢትዮጵያ ታሪክ

በአክሱም ዘመን የዝሆን ጥርስ በአዱሊስ ወደብ በኩል ከሚላኩ ዋና ዋና ሸቀጦች አንዱ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ መልእክተኛ ሆኖ ወደ አክሱም የተጓዘው ኖኖሶስ፣ ከአዱሊስ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ ላይ 5,000 ያህል ዝሆኖች በአንድ ሜዳ ሲግጡ ማየቱን መዝግቧል። በዚያ ደጋ ዛሬ አንድም ዝሆን የለም።

በኋላ ዘመን ዝሆን መግደል የጀግንነት መለኪያ ሆነ። ግዳይ የጣለ ሰው ይሸለማል፤ በፉከራው ይጠቀሳል፤ በአገሩም ይከበራል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ጠመንጃ በብዛት ሲገባና ከደቡብና ከምዕራብ የሚሰበሰበው የዝሆን ጥርስ ራሱ የጦር መሣሪያ መግዣ ሲሆን፣ በጦር ሲካሄድ አዝጋሚ የነበረው አደን ዝሆኑ ሊቋቋመው የማይችል እልቂት ሆነ።

የዝሆን ጥርስ ንግድ

በ1979 በመላው አፍሪካ ወደ 1.3 ሚሊዮን ዝሆኖች እንደነበሩ ተገምቷል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ አለቁ። ይህን ተከትሎ ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) አባል አገሮች በ1989 በሎዛን ተሰብስበው የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድን አገዱ። እገዳው ለጥቂት ዓመታት እፎይታ ሰጠ። በ2000ዎቹ መጨረሻ ግን ሕገወጥ አደኑ እንደገና ተፋፋመ። በ2014 እና 2015 በ18 አገሮች ከአየር ላይ የተካሄደው ታላቁ የዝሆን ቆጠራ 352,271 ዝሆኖች መዘገበ፤ ከ2007 እስከ 2014 ባሉት ሰባት ዓመታትም ቁጥሩ በ30 በመቶ መቀነሱን አረጋገጠ።

ኢትዮጵያ በ2014 የዝሆን ጥበቃ ኢኒሼቲቭን ከመሠረቱት አምስት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። በመጋቢት 2015 በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ ከሕገወጥ ነጋዴዎች ተይዞ የተከማቸ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአደባባይ አቃጠለች። በዓለም ትልቁ ገበያ የነበረችው ቻይናም በ2017 መጨረሻ የአገር ውስጥ ንግዱን ዘጋች።

የባቢሌ ዝሆኖች

የባቢሌ የዝሆን መጠለያ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ከሐረር ደቡብ በ1970 ተቋቋመ። ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከሌሎች የአፍሪካ ዝሆኖች ተነጥለው የቀሩ ጥቂት መቶ ዝሆኖች ይኖሩበታል። ዝሆኖቹ እንደ ወቅቱ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች መካከል ይመላለሳሉ፤ ከምግባቸው ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘውም በለስ ቁልቋል ነው።

ባቢሌ በካርታ ላይ ሰፊ ቢሆንም ዝሆኖቹ በተግባር የሚጠቀሙበት መሬት ከዓመት ዓመት እየጠበበ መጥቷል። በመጠለያው ውስጥ ሰዎች ሰፍረዋል፤ እርሻ ወንዞቹን ተከትሎ ገብቷል፤ ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ ይቆረጣል። በሸለቆዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ሲታረስ ዝሆኑ ወደ ማሳ ይገባል። የዓመት ቀለቡን በአንድ ሌሊት የተነጠቀው ገበሬ ይቆጣል፤ ሰውም ዝሆንም ይሞታል። በግጭቱ ውስጥ ሁለቱም ተጎጂዎች ናቸው፤ ስለዚህ ገበሬውን የዘነጋ ጥበቃ ዝሆኑንም አያድንም።

ከባቢሌ ሌላ ዝሆን በኦሞና በማጎ ብሔራዊ ፓርኮች፣ በጋምቤላ፣ በዳውሮና ኮንታ አካባቢ በሚገኘው ጨበራ ጩርጩራ፣ እንዲሁም በተከዜ ተፋሰስ በሚገኘው ቃፍታ ሽራሮ ይገኛል።

ሌሎች በአደጋ ላይ ያሉ እንስሳት

*ዋልያ።* ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም አይገኝም። በ1960ዎቹ ወደ 150 ወርዶ የነበረው ቁጥሩ ብሔራዊ ፓርኩ ከተቋቋመ በኋላ ቀስ በቀስ አገግሞ በ2010ዎቹ አጋማሽ ከ800 አለፈ። ከሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወዲህ ግን ጥበቃው ላልቶ ዳግም በእጅጉ አሽቆልቁሏል።

*ቀይ ቀበሮ።* በዓለም ካሉት የውሻ ዘመዶች እጅግ ብርቅዬው ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ በባሌ ተራሮች ይኖራል። ዋና ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ነው። ትልቁ ጠላቱ ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኙ ብዙዎችን ፈጅቷል። ከ2018 ጀምሮ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ ክትባት ለቀበሮዎቹ መሰጠት ተጀምሯል።

*የስዌይን ቆርኬ።* በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአገሪቱን ከብት ጨርሶ «ክፉ ቀን» ለተባለው ረሃብ ምክንያት የሆነው «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ የቆርኬንም መንጋ አጥፍቷል። ከዚያ የተረፈውን አደንና እርሻ አመነመኑት፤ ከሶማሌላንድ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ዛሬ በዋናነት የሚገኘው በሰንቀሌ መጠለያና በማዜ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

*የአፍሪካ የዱር አህያ።* ለሰው ልጅ ለሺህ ዓመታት ሸክም የተሸከመችው የቤት አህያ ዘሯ ከእርሱ ነው። ዛሬ በአፋርና በኤርትራ በረሃዎች የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ለሥጋና ለባህላዊ መድኃኒት ይታደናል፤ በጥቂቱ ውኃና ግጦሽ ላይ ከቤት እንስሳት ጋር ይሻማል።

*የግሬቪ የሜዳ አህያ።* ስሙን ያገኘው በ1882 የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ ከላኩት እንስሳ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ በዓለም 3,000 ያህል ብቻ ቀርቷል፤ የሚገኘውም በኬንያና በኢትዮጵያ ነው።

*አቦሸማኔ።* ግልገሎቹ ከአፍሪካ ቀንድ ተሰርቀው በባሕር ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይወሰዳሉ፤ እዚያም እንደ ቤት እንስሳ ይሸጣሉ። ብዙዎቹ በመንገድ ላይ በረሃብና በጥም ይሞታሉ። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያዩት የአቦሸማኔ ግልገል ምናልባትም ከገዛ አገራቸው ቆላ የተወሰደ ነው።

ጥበቃና ተስፋው

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የዱር እንስሳት ጥበቃ በ1960ዎቹ ተጀመረ፤ የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮችም የዚያ ዘመን ውጤቶች ናቸው። ዛሬ ሥራውን በበላይነት የሚመራው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ሸክሙን በየዕለቱ የሚሸከሙት ግን በአነስተኛ ደመወዝ፣ በረጅም የእግር ጉዞና በሕይወታቸው ተወራርደው የሚሠሩት የፓርክ ጠባቂዎች (ስካውቶች) ናቸው።

ዝርያዎች ጥበቃ ሲያገኙ እንደሚያገግሙ በተግባር ታይቷል። ጥቁር አውራሪስ በ1990ዎቹ አጋማሽ በመላው አፍሪካ ወደ 2,400 ወርዶ ነበር፤ በደቡብና በምሥራቅ አፍሪካ በተደረገ ጠንካራ ጥበቃ ዛሬ ከ6,000 አልፏል። የሰሜኑ ነጭ አውራሪስ ግን ጊዜው አልፎበታል። የመጨረሻው ወንድ በመጋቢት 2018 በኬንያ ሞቷል፤ የቀሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው።

የኢትዮጵያ ዝሆን ገና ወደዚያ ደረጃ አልደረሰም። የሚያስፈልገውም የታወቀ ነው፤ በባቢሌ የሸለቆዎቹን መተላለፊያ ከእርሻ ነፃ ማድረግ፣ ማሳው ለተበላበት ገበሬ ፈጣን ካሣ መስጠት፣ ለከሰል ምትክ የሚሆን መተዳደሪያ ማዘጋጀት፣ ስካውቱን በቂ ደመወዝና ስንቅ ማስታጠቅ። እነዚህ ሥራዎች ለገበሬውም ለዝሆኑም የሚጠቅሙ ናቸው፤ ዝሆኑ በቀስታ የሚወልድ እንስሳ በመሆኑ ግን ለነገ የሚተላለፉ አይደሉም።