ሪዝቅ ፍለጋና የከተማ ምርጫ፦ ቀደምቶቻችን ምን ይጠይቁ ነበር?



ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን አባወራ ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጠብቆኝ «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለኝ። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አግኝቷል። ሥራው ያለው ግን ሩቅ በሆነ ትልቅ ከተማ ነው። እዚህ ደግሞ የአባቱ ሱቅ አለ፤ ገቢው አነስተኛ ቢሆንም ቤተሰቡን አኑሯል። «ደመወዙን ቢሰሙ ይገርምዎታል» አለኝ። ሰማሁ፤ በእውነትም ገረመኝ። «የቤት ኪራዩስ ስንት ነው?» አልኩት። አላወቀም። «ማን ዘንድ ያርፋል? ሰፈሩስ ምን ዓይነት ነው? ቢያመው ማን ይጠይቀዋል?» አልኩት። ይህንንም አላወቀም። ሰውየው ስለዚያ ከተማ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደመወዙን።

በእርሱ አልፈርድም። ይህ ጥያቄ ዛሬ የማይነሳበት ቤት ጥቂት ነው። ከገጠር ወደ ወረዳ ከተማ፣ ከወረዳው ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ጂዳና ወደ ዱባይ የሚያስበው ወጣት ብዙ ነው። ሪዝቅን ፍለጋ ከአገር አገር መሄድ በዲናችን ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የተፈቀደና የሚያስመነዳ ነው። ለመሆኑ ከእኛ በፊት የነበሩት ሙስሊሞች መኖሪያ ሲመርጡ ምን ይጠይቁ ነበር? እስቲ ታሪክን ገለጥ አድርገን አብረን እንመልከት።

ፍትሕ ያለበት አገር

የመጀመሪያው ምሳሌ የራሳችን አገር ነው። በ615 እ.ኤ.አ. በመካ ሙስሊሞች ላይ የሚደርሰው ግፍ በበረታ ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ መከሯቸው። ምክንያቱንም አልደበቁም፤ በዚያ አገር በእርሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ነገሯቸው።

ልብ በሉ፤ ሐበሻ ለመካ ሰዎች እንግዳ አገር አልነበረችም። ታሪክ ጸሐፊው ጠበሪ እንዳሰፈረው ቁረይሾች የሚነግዱባት፣ ሲሳይ የሚያገኙባትና በሰላም የሚገቡ የሚወጡባት አገር ነበረች። ሆኖም ገበያማ በሻምም በየመንም ነበር። የቁረይሽ ግመሎች በየዓመቱ የሚመላለሱት ወደዚያ ነው። ሐበሻን ከሁሉም ያስመረጣት ገበያዋ ሳይሆን ፍትሕዋ ነው። ምርጫውም ትክክል እንደነበር ጊዜ መሰከረ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና (ረ.ዐ) አብረዋቸው የቆዩት ሰዎች እስከ 628 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚህ ኖሩ፤ ልጆችም ወለዱ። የጃዕፈር ልጅ ዐብዱላህ የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ «ብበደል የሚሰማኝ አለ?» ሴት ልጇን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር የምትልክ እናት ከደመወዙ በፊት ልትጠይቀው የሚገባትም ይህንኑ ነው። ፓስፖርቷን ማን ይይዘዋል? አሠሪዋ ቢከለክላት፣ ቢመታት፣ ደመወዟን ቢያስቀርባት ለማን ትናገራለች? መልስ የሌለው ከሆነ የደመወዙ ብዛት ምን ይጠቅማታል?

ገበያውን የጠየቀው ሙሐጅር

በ622 እ.ኤ.አ. ሙስሊሞች ከመካ ወደ መዲና ተሰደዱ። ይህ ሒጅራ የእምነት ጉዞ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሙሐጅር በማግሥቱ መብላት ነበረበት። መካ አዝመራ የማይበቅልባት ሸለቆ ስለሆነች ሰዎቿ ነጋዴዎች ነበሩ። መዲና ደግሞ የተምር ዛፍና የእርሻ አገር ናት። አንሷሮቹ ገበሬዎች፣ ሙሐጅሮቹ እርሻ የማያውቁ እንግዶች ነበሩ። ንግድ ለለመደ ሰው አዲሱ አገር ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐብዱራህማን ኢብን ዐውፍን (ረ.ዐ) ከመዲናው ሀብታም ከሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድም ካለው ንብረት ግማሹን እንዲወስድ ለመነው። ዐብዱራህማን ግን በንብረቱና በቤተሰቡ በረካ እንዲሆንለት ዱዓ አድርጎለት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የገበያውን መንገድ። በበኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ቅቤና ደረቅ አይብ እየሸጠ ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ በራሱ ገንዘብ መህር ከፍሎ አገባ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት በግም ቢሆን ወሊማ እንዲያደርግ ነገሩት።

ይህን ታሪክ ስናወራ ዘወትር የምናደንቀው የዐብዱራህማንን ትጋት ነው። ልክ ነው። ግን ሰዕድን አንርሳው። ዐብዱራህማን ገበያ ሲሄድ የሚያድርበት ቤት፣ የሚያምነው ወንድም ነበረው። ሥራው የተቃናው ከኋላው ሰው ስለነበረ ጭምር ነው።

ሁሉም ነገር ግን ወዲያው አልተመቸም። የመዲና አየር ለሙሐጅሮቹ አልተስማማቸውም። አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ) በትኩሳት ወደቁ። የእኛው ሐበሻዊ ቢላል ባሮች አድርገው ያሰቃዩበትን የመካን ሸለቆ፣ ሣሩንና ተራራውን እየናፈቀ በግጥም ያንጎራጉር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን በሰሙ ጊዜ «ለምን ናፈቃችሁ» ብለው አልተቆጧቸውም። መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ ተወዳጅ እንዲያደርግላቸው፣ አየሯን እንዲያስተካክልላቸው፣ እህል በሚሰፈርበት በሷዑና በሙዱ በረካ እንዲያደርግላቸው አላህን ለመኑ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ዱዓ ደጋግመህ አስባት። ሦስት ነገር አላት፤ የአገር ፍቅር፣ ጤናና የዕለት እንጀራ። ሰው በአንድ ከተማ ለመኖር ሦስቱም ያስፈልጉታል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሷዑን ብቻ ይዘን እንሄዳለን።

አየሩ ያልተስማማቸው ወታደሮች

በኸሊፋው በዑመር ኢብን አልኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን ሙስሊሞች የፋርስን ነገሥታት መቀመጫ መዳኢንን ያዙ። ቤተ መንግሥት፣ ሀብት፣ የአትክልት ቦታ የሞላበት ከተማ ነው። ሰው ሁሉ የሚመኘው! ነገር ግን ከዚያ ወደ መዲና የመጡት ሰዎች መልካቸው ተለውጦ፣ ሰውነታቸው ከስቶ ዑመር አዩአቸው። ምን እንደነካቸው ሲጠይቁም የአገሩ አየር እንዳልተስማማቸው ሰሙ።

ዑመር «ደመወዛችሁ መልካም ነው፤ ቻሉት» አላሉም። ሌላ መኖሪያ እንዲፈለግ ለአዛዡ ለሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ጻፉ። ለምርመራ የተላኩት ሰልማን አልፋሪሲና ሑዘይፋ ኢብን አልየማን (ረ.ዐ) ነበሩ። አንዱ በኤፍራጥስ ወንዝ በምዕራብ፣ ሌላው በምሥራቅ በኩል እየተመለከቱ ተጓዙ፤ ሁለቱም የተገናኙት ኩፋ በምትባለው ቦታ ላይ ነው። በ17 ዓመተ ሒጅራ (638 እ.ኤ.አ.) ከተማዋ ተቆረቆረች።

አሠራሯም ትምህርት አለው። መጀመሪያ የተተከለው መስጂዱ ነው። ዋና ዋና መንገዶቹ 40 ክንድ፣ ቀጣዮቹ 30 እና 20 ክንድ፣ ጠባብ መተላለፊያዎቹ ደግሞ 7 ክንድ ስፋት እንዲኖራቸው ተወሰነ። በገበያውም ቀድሞ የደረሰ ሰው እስኪጨርስ ድረስ ቦታውን ይዞ እንዲሸጥ ተደነገገ፤ ልክ በመስጂድ ሰልፍ ቀድሞ እንደተቀመጠ ሰው። ከዚያም ዑመር ዐብዱላህ ኢብን መስዑድን (ረ.ዐ) አስተማሪ አድርገው ላኩላቸው። ኩፋ እንጀራም ዒልምም የሚገኝባት ሆነች። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ተወልደው ያደጉት በዚያ ነው፤ እርሳቸውም ጨርቅ እየነገዱ ዒልም ያስተማሩ ሰው ነበሩ።

አድሮ ማየት

ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የዐባሲዮች ኸሊፋ አልመንሱር አዲስ ዋና ከተማ ፈለገ። እርሱ እንኳ፣ ያ ሁሉ ሥልጣን እያለው፣ በወሬ አልመረጠም። የአካባቢውን ነዋሪዎች ስለ ሙቀቱና ስለ ብርዱ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጭቃው፣ ሌላው ቀርቶ ስለ ተባዩ ጠየቀ። ሰዎቹን በየመንደሩ እያሳደረ ያዩትን እንዲነግሩት አደረገ፤ ራሱም አደረበት። በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ስለሆነ እህሉም ሸቀጡም በጀልባ ከየአቅጣጫው እንደሚመጣ ተረዳ። ባግዳድ የተጀመረችው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ145 ዓመተ ሒጅራ (762 እ.ኤ.አ.) ነው። ኸሊፋ ለትንኝ ከተጨነቀ እኛ ልጃችንን ስንልክ ስለምን አንጠይቅም?

የኢብን ኸልዱን ሒሳብ

ስለ ከተማና ስለ ኑሮ ከሁሉ አብልጦ የመረመረው ግን በ1332 እ.ኤ.አ. በቱኒስ የተወለደው ዐብዱራህማን ኢብን ኸልዱን ነው። በ1377 እ.ኤ.አ. በጻፈው «ሙቀዲማ» ውስጥ ከተማ ሲቆረቆር ንጹሕ አየር፣ ጥሩ ውኃ፣ ግጦሽ፣ እርሻና ማገዶ መታየት እንዳለባቸው ይዘረዝራል። ቀደምቶችን ስላከበረም ስሕተታቸውን አልሸፈነም። ኩፋን፣ በስራንና ቀይረዋንን የቆረቆሩት ዐረቦች ከሁሉ በላይ ያዩት የግመላቸውን ግጦሽ ስለነበረ ሌላው ጎደለባቸው ይላል። አንድ ነገር ብቻ አይቶ መምረጥ ትልልቆችንም እንደሚያሳስት ከዚህ እንማራለን። የዚያ ዘመን ሰው ግመሉን አየ፤ የዘንድሮው ሰው ደመወዙን ያያል።

ስለ ገቢም የተናገረው የዛሬ ይመስላል። ሕዝብ በበዛበት ከተማ ሥራ ይበዛል፤ ሥራ ሲበዛ ገቢ ይጨምራል። በዚህም ምክንያት የፌዝ ከተማ ዳኛ ከቲሊምሳን ዳኛ፣ የፌዝ ነጋዴ ከቲሊምሳን ነጋዴ፣ የፌዝ ለማኝ እንኳ ከቲሊምሳን ለማኝ ይሻላል ይላል። የፌዝ ለማኞች ለዒድ የእርድ ዋጋ ሲለምኑ በዓይኑ አይቷል።

ወጣቱ እዚህ ላይ መጽሐፉን ይዘጋና ጓዙን ይሸክፋል። ኢብን ኸልዱን ግን አልጨረሰም። ወጪውም ከገቢው ጋር አብሮ ያድጋል ይላል። በትልቅ ከተማ ትናንት ቅንጦት የነበረው ዛሬ የግድ ይሆናል፤ የሰው ጉልበትና የእጅ ሥራ ይወደዳል። ስለዚህ ከገጠር የመጣ ሰው በቂ ጥሪት ካልያዘ ብዙ ሳይቆይ አቅም አጥቶ ያፍራል። እንግዲህ የሚቆጠረው የሚገባው ሳይሆን የሚተርፈው ነው።

ይህ ታላቅ ሰው ራሱም ስደትን ቀምሷል። በ1382 እ.ኤ.አ. ቱኒስን ለቆ ወደ ግብፅ ሄደ። በካይሮ መምህርና ቃዲ ሆነ፤ ክብርም አገኘ። በ1384 እ.ኤ.አ. ግን ቤተሰቡ ወደ እርሱ ሲመጣ መርከቧ እስክንድርያ አጠገብ ሰጠመችና በአንድ ቀን አጣቸው። እርሱም በ1406 እ.ኤ.አ. በዚያው በካይሮ ሞተ። ሥራ ያለበት ከተማና ቤተሰብ ያለበት ከተማ ሲለያዩ በመካከል ያለው ባሕር ቀላል እንዳልሆነ ከእርሱ በላይ የሚመሰክር የለም። ባሕር አቋርጠው የሄዱ የራሳችንን ልጆች ስናስብ ደግሞ ልባችን ይበልጥ ይነካል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ ያነሳሁት «ከአገራችሁ አትውጡ» ለማለት አይደለም። ሶሐባዎች ከመካ ባይወጡ መዲና ባልኖረች። ነገር ግን በወጡ ጊዜ ፍትሑን፣ ገበያውን፣ አየሩንና ጎረቤቱን አብረው አዩ። ኢማሙ ሻፊዒም ዲንህን የሚያስተምርህ ዓሊምና ሰውነትህን የሚያክምህ ሐኪም በሌለበት አገር አትኑር ብለው መምከራቸው ይወራል። ከዚህ ላይ «የሚተርፈው ስንት ነው?» የሚለውን የኢብን ኸልዱንን ጥያቄ ጨምሩበት። ይህን ለመመለስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ቤተሰብ አንድ ምሽት ተሰብስቦ ቢነጋገር ይበቃል። እናቶችም ይጠየቁ። የኪራዩን፣ የዘይቱንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ነገር ከእነርሱ በላይ የሚያስብ የለምና።

ለዚያ አባት የነገርኩት የሰልማንንና የሑዘይፋን ታሪክ ነበር። «ከመሄዱ በፊት ይሂድና ይየው» አልኩት። ልጁ ሄዶ አንድ ሳምንት አክስቱ ዘንድ ከረመ። ሲመለስ የኪራዩንና የታክሲውን ዋጋ በደብተር ጽፎ መጣ። ከደመወዙ የሚተርፈው አባቱ ካሰበው ግማሽ አይሞላም። ሆኖም ሥራውን ተቀበለ፤ የሚኖረው ግን ከመሥሪያ ቤቱ ራቅ ብሎ አክስቱ ሰፈር ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ኡስታዝ፣ መስጂዱ ቅርብ ነው፤ ደግሞ ያን ሳምንት አሞኝ ሾርባ ያመጣችልኝ የአክስቴ ጎረቤት ናት» አለኝ።

አላህ ለሁላችንም ሐላል ሪዝቅ፣ ጤናና መልካም ጎረቤት ያለበትን መኖሪያ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።