የደም ቅባትን መመዘን፦ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚለየውና የሚያምታታው

31 ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት የደም ፕላዝማ ቢመረምሩ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ? የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያካሄደውና እ.አ.አ. በ2017 የታተመው ንጽጽር መልሱ "በከፊል" እንደሆነ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ በድምሩ 1,527 የቅባት ዓይነቶችን ለክተዋል። የጋራ እሴት የተሰላላቸው ግን 342ቱ ብቻ ናቸው።

ቀሪዎቹ ሐሰት ናቸው ማለት አይደለም፤ ሁሉም ቤተ ሙከራ ሁሉንም ቅባት አይለካም። ሆኖም የልብ ሕመምንና የስኳር በሽታን ቀድመው የሚጠቁሙ ቅባቶችን ለሚፈልጉ ተመራማሪዎች ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ማስ ስፔክትሮሜትር ሞለኪውሎች የኤሌክትሪክ ሙል እንዲይዙ አድርጎ በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ነው። እንደ ቅባት ያሉ በቀላሉ የማይተኑ ሞለኪውሎችን ሳይሰባበሩ ወደ መሣሪያው ለማስገባት ከሚያስችሉት ዘዴዎች አንዱ ኤሌክትሮስፕሬይ ሲሆን፣ ጆን ፌን በዚህ ሥራቸው የ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ችግሩ ክብደት ብቻውን ማንነትን አለመናገሩ ነው። በደም ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ፎስፋቲዲልኮሊን ከተባሉት ቅባቶች አንዱ በሁለት ጅራቶቹ በድምሩ 34 ካርቦንና አንድ ድርብ ትስስር አለው። መሣሪያው 760.6 ላይ ያየዋል። ሲሰብረው ክብደቱ 184 የሆነ ስብርባሪ ይወጣል፤ ይህም የቅባቱን ቤተሰብ ይነግረናል። 34ቱ ካርቦኖች በጅራቶቹ መካከል እንዴት እንደተከፋፈሉ፣ ድርብ ትስስሩም የት እንዳለ ግን አይናገርም። በወይራ ዘይት በብዛት የሚገኘው ኦሌይክ አሲድ ድርብ ትስስሩ 9ኛው ካርቦን ላይ ይጀምራል፤ የቫክሰኒክ አሲድ ደግሞ 11ኛው ላይ። ክብደታቸው ግን አንድ ነው።

በአውስትራሊያ ስቲቨን ብላንክስቢና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት ዘዴ ኦዞን ጋዝን ወደ መሣሪያው ያስገባል። ኦዞን ሰንሰለቱን የሚቆርጠው ድርብ ትስስሩ ላይ በመሆኑ፣ የቁራጩ ክብደት ቦታውን ያጋልጣል። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አሴቶንና አልትራቫዮሌት ብርሃንን በመጠቀም ወደዚያው ግብ ተደርሷል።

ሌላው ፈተና መደራረብ ነው። አንድ ተጨማሪ ድርብ ትስስር ያለው ቅባት ሁለት ከባድ የካርቦን አቶሞችን ሲይዝ ከጎረቤቱ የሚለየው በ0.009 ገደማ ብቻ ነው። ይህን ለመለየት እንደ ኦርቢትራፕ ያለ ጥራቱ ከፍተኛ የሆነ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በስሌት መታረም አለበት።

ብዙ ጊዜ ቸል የሚባለው ግን ከመሣሪያው በፊት ያለው ሥራ ነው። ፕላዝማ ሙቀት ውስጥ ከቆየ ኢንዛይሞች ቅባቶቹን ይለውጧቸዋል፤ አየርም ያበላሻቸዋል። መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ ቅባት መጨመር ያለበትም ቅባቱ ከናሙናው ከመውጣቱ አስቀድሞ ነው። ያኔ በመንገድ የሚባክነው ከሁለቱም እኩል ስለሚባክን ስሌቱ አይዛባም።

የአጻጻፍ ደንቡም ጥብቅ ነው፦ የተለካው ድምሩ ብቻ ከሆነ "34:1" ተብሎ ይጻፋል። ጅራቶቹ ተለይተው ቦታቸው ካልታወቀ በመካከላቸው ዝቅ ያለ ሰረዝ ይገባል፤ ቦታቸው ሲረጋገጥ ብቻ ሰረዙ በእዝባር ይተካል።