የሳንባ ምች ክትባት፦ ከጋምቢያ መንደሮች እስከ ጤና ጣቢያችን



ሕፃን ልጅ ይዛችሁ በተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ነርሷ በሁለቱም ጭኖቹ ላይ መርፌ ትወጋዋለች። አንደኛው አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚከላከለው ነው፤ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታንና ሂብ የሚባለውን ተሕዋስ። ሌላው ለብቻው የሚሰጠው የሳንባ ምች ክትባት ነው፤ በተለምዶ ፒሲቪ ይባላል። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ልጁ ሌሊቱን አተኩሶት ማደሩን ነው። እኔ ልጽፍ የፈለግሁት መርፌዋ እኛ ጋ እስክትደርስ ስለተጓዘችው መንገድ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዓይኔ ቶሎ ቁጥርና ዋጋ ላይ ቢያርፍ ታገሡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምች የሚለው ቃል በእኛ አገር ሰፊ ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ራሱን ያመመውም፣ ከንፈሩን ያቆሰለውም "ምች መታው" ይባልና ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጠዋል። ሐኪሞች የሳንባ ምች የሚሉት ግን ሌላ ነው። በሳንባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ሲሞሉ ሕፃኑ አየር ያጥረዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደችው ወንድ ልጅ በስምንት ወሩ የሞተው እንዲህ ሆኖ ነው። ጎረቤቱ አንዱ ዓይን በላው አለ፣ ሌላው እንጥሉ ወርዷል ብሎ አስቆረጡት። ሐኪም አላየውም፤ የሞተበት ምክንያትም የትም አልተጻፈም።

ይህ የእናቴ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአፍሪካ ገጠር ሕፃናት በሳንባ በሽታ በብዛት እንደሚሞቱ ሐኪሞች ያውቁ ነበር፤ የትኛው ተሕዋስ ስንቱን እንደሚገድል ግን ማስረዳት አይችሉም ነበር። ተሕዋሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ከሕፃን ሳንባ በመርፌ ናሙና መውሰድ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ሥራ አይደለም። ደሙ ቢመረመርም በአብዛኛው ምንም አይገኝም። ማስረጃ የሌለው ወጪ መዝገብ ላይ እንደማይገባ ሁሉ፣ ማስረጃ የሌለው ሞትም የመንግሥታትና የለጋሾች ዕቅድ ውስጥ አልገባም።

ዋናው ገዳይ ኒሞኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በ1881 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተርና አሜሪካዊው ጆርጅ ስተርንበርግ፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ አገኙት። የመጀመሪያው ትልቅ የክትባት ሙከራ የተደረገው ግን ለሕፃናት አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ማውጫዎች ከሩቅ አገር እየተመለመሉ የሚመጡ ጥቁር ሠራተኞች በሳንባ ምች ይረግፉ ነበር። የማዕድኑ ባለቤቶች የጉልበት ሠራተኛ ማለቁ አሳሰባቸውና እንግሊዛዊውን አልምሮት ራይትን አስጠሩ። ራይት በ1911 በብዙ ሺህ ሠራተኞች ላይ ክትባቱን ሞከረ፤ ውጤቱ ግን አጥጋቢ አልነበረም። ባክቴሪያው አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት መሆኑ በደንብ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ሮበርት ኦስትሪያን እዚያው ደቡብ አፍሪካ በወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ላይ የተሻለ ክትባት ሞክሮ ተሳካለት፤ 14 ዓይነቶችን የሚከላከለው ክትባት በ1977 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

ያ ክትባት ለአዋቂ ይሠራል፤ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን አይሠራም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባክቴሪያው የለበሰው ሽፋን ስኳር መሰል ነገር ነው፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ይህን ሽፋን እንደ ጠላት ለይቶ ማወቅ አይችልም። ብዙ የሚሞቱት እነዚያው ሕፃናት ስለሆኑ ክትባቱ ለዋናው ችግር መፍትሔ አልሆነም ነበር። መላውን ያገኙት በሂብ ላይ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ በአንድ በኩል ሬቸል ሽኒርሰንና ጆን ሮቢንስ፣ በሌላ በኩል ፖርተር አንደርሰንና ዴቪድ ስሚዝ። ስኳሩን ሕፃኑ ከሚያውቀው ፕሮቲን ጋር አጣበቁት። ያን ጊዜ የሕፃኑ ሰውነት ነቃ። ለሕፃናት የሚሆነው የሂብ ክትባት በ1990 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በዚያው መንገድ የተሠራው የኒሞኮከስ ክትባት ደግሞ በ2000።

እኔን የማረከኝ የታሪኩ ክፍል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ቦታውም ጋምቢያ ነው። ጋምቢያ በወንዝ ዳር የተዘረጋች ትንሽ የምዕራብ አፍሪካ አገር ናት። የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ተቋም ከ1947 ጀምሮ እዚያ ጣቢያ አለው። በ1990ዎቹ ኪም መልሆላንድና ባልደረቦቹ 42,848 ሕፃናትን በሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ከመደበኛው ክትባት ጋር የሂብ ክትባት ጨምረው፣ ግማሹን ሳይጨምሩ ከተቡ። ሂብ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በማጅራት ገትር ነበር፤ በአፍሪካ ለሳንባ ምች ምን ያህል ተጠያቂ እንደሆነ ያከራክር ነበር። ውጤቱ በ1997 ሲወጣ፣ ክትባቱን ባገኙት ሕፃናት ዘንድ በራጅ የታየው የሳንባ ምች በ21 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ይህን የሒሳብ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ከመጋዘን የጠፋውን እህል ማንም ቆሞ አያየውም። መነሻውን ይዘን፣ የቀረውን ቆጥረን፣ ልዩነቱን እናገኛለን። እነሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ተሕዋሱን በዓይን ማየት ስላልቻሉ፣ እሱን ብቻ የሚያስቀረውን ክትባት ሰጥተው የጎደለውን በሽታ ቆጠሩ። ክትባቱ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ኦዲተርም ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወደ ኒሞኮከስ ዞሩ። በፊሊሲቲ ከትስ መሪነት ከ2000 እስከ 2004 ድረስ፣ ከዋና ከተማው ርቆ በወንዙ ላይኛው ክፍል በሚገኙ መንደሮች 17,437 ሕፃናት ተመዘገቡ። ዘጠኝ ዓይነቶችን የሚከላከለው ክትባት ለግማሾቹ ተሰጠ፤ ለቀሩት ከመደበኛው ክትባት ጋር የተሰጣቸው ባዶ መርፌ ነው። የትኛው ልጅ የትኛውን እንደተወጋ እናቲቱም ሐኪሙም አያውቁም ነበር። በመጨረሻ በራጅ የታየው የሳንባ ምች በ37 በመቶ ቀነሰ። የሞት ቁጥርም ወጣ፦ በመተንተኛው ከተካተቱት ክትባቱን ካገኙ 8,189 ልጆች መካከል 330፣ ካላገኙት 8,151 መካከል ደግሞ 389 ሞተዋል። ሞት በማናቸውም ምክንያት ተደምሮ በ16 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። በሶዌቶም ተመሳሳይ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ሆኖም በሕፃናት ሞት ላይ እንዲህ ግልጽ ማስረጃ የተገኘው ከጋምቢያ ገጠር ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። 389 የሚለው ውስጥ ባዶ መርፌ የተወጉ ልጆች አሉ። ትክክል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያን ጊዜ ክትባቱ በጋምቢያ ለማንም አይሰጥም ነበር፤ ቁጥሩ ባይገኝ ኖሮ ደግሞ ገንዘብ የሚያወጣ አይገኝም ነበር። ያም ሆኖ መልሱ ሙሉ በሙሉ አያረካኝም። ምክንያቱም ጥናቱ በ2005 ታትሞ፣ የጋምቢያ ሕፃናት ክትባቱን በመደበኛነት ማግኘት የጀመሩት በ2009 ነው። ልጆቻቸውን ለቆጠራ የሰጡ እናቶች ከማስረጃው በኋላ ዓመታት ጠበቁ።

ያዘገየው ዋጋ ነው። አሥራ ሦስት ዓይነቶችን የሚከላከለው ክትባት በአሜሪካ ሲወጣ አንዱ መርፌ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ አንድ ልጅ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ያስፈልገዋል። ፋብሪካዎቹ ድሆች አገሮች ይገዙናል ብለው ስላላመኑ ማምረቻቸውን አላሰፉም፤ ምርቱ ትንሽ ስለሆነ ዋጋው አልወረደም። ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ጣሊያን፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ ሩሲያ፣ ኖርዌይና የጌትስ ፋውንዴሽን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። ገንዘቡ እርዳታ ተብሎ አልተበተነም። ለፋብሪካዎቹ "ክትባቱን አምርታችሁ ለረጅም ጊዜ ከ3.50 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ለማቅረብ ከፈረማችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ መርፌዎች ላይ ተጨማሪ እንከፍላችኋለን" የሚል ውል ነው። ገዢው አስቀድሞ ተገኘ ማለት ነው። በእኔ ግምት ከውሉ የተጠቀሙት ፋብሪካዎቹም ናቸው፤ ትርፋቸው በዛ ብለው የተከራከሩ የሕክምና ድርጅቶች ነበሩ፣ ክርክራቸውም ከንቱ አልነበረም። ግን መርፌዋ መጣች።

ኢትዮጵያ መደበኛውን የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው በ1980 ነው። ሂብን የያዘው የአምስቱ በሽታዎች ክትባት በ2007 ገባ፤ አሜሪካ ለሕፃናት ከፈቀደች ከ17 ዓመት በኋላ። የሳንባ ምች ክትባት ግን በ2011 ደረሰ፤ አሜሪካ ከጀመረች ከ11 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ርዝመቱ አጠረ። ከአነስተኛ ገቢ አገሮች ይጠየቅ የነበረው መዋጮ በአንድ መርፌ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን፣ ለሦስቱ መርፌ 60 ሳንቲም ይመጣል፤ የቀረውን የሚሸፍነው ጋቪ የተባለው የክትባት ጥምረት ነው። በዚያው ዘመን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የሳንባ ምችን በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። መሣሪያቸው ትንፋሽ መቁጠር ነው፦ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ መድኃኒት ይጀመርለታል።

ክትባቱ ሁሉን አይሸፍንም። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሠርተው በ1997 ባወጡት ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ልጆች 210ዎቹ የአጥንት መለስለስ ወይም ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት 500 መካከል 20 ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ተቀንሰው እንኳ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዙ ዕድል 13 እጥፍ ያህል ነበር። ሪኬትስ በአብዛኛው የሚመጣው ከፀሐይ ማጣት ነው፤ ዓይን እንዳይበላው ብለን ተሸፋፍኖ እቤት የሚውለው ሕፃን ማለት ነው። ፀሐይ ደግሞ መዋጮ አትጠይቅም።

ዋጋው አሁን እንደገና ወርዷል። ሴረም ኢንስቲትዩት የተባለው የሕንድ ፋብሪካ አሥር ዓይነቶችን የሚከላከል ክትባት ሠርቶ በ2019 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅትን ማረጋገጫ አገኘ፤ ለድሆች አገሮችም አንዱን መርፌ በ2 ዶላር አቀረበ። ማረጋገጫውን ለማግኘት በሕፃናት ላይ የተደረገው ዋናው ሙከራ የተካሄደው በጋምቢያ ነው።