የአሮጌ ሞተር ሳይክል ክራንክ ሻፍት፡- ይቀየር ወይስ ይተው?

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል ያገሬ ሰው። የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ያለውን፣ ግን የሚነሳና የሚሄድ ሞተር ሳይክል ፈትቶ የውስጥ አሠራሩን መለወጥም ለብዙዎች እንዲሁ ይመስላል። ይሁንና ባለ ሁለት ሲሊንደር የእንግሊዝ ወይም የጃፓን አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው፣ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ እጁ ሲደነዝዝና ብሎኖቹ ሲላሉ «ይህን ንዝረት ከሥሩ ማጥፋት አይቻልም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከሚሰጡት መልሶች አንዱ የክራንክ ሻፍቱን ማዕዘን መቀየር ነው። ውሳኔው ወደ ኋላ የማይመለስ ሊሆን ስለሚችል ግን መፍቻ ከማንሳት በፊት ነገሩን ጠንቅቆ ማወቅ ይበጃል።

ችግሩ ከየት መጣ?

ኤድዋርድ ተርነር ነድፎት ትሪያምፍ እ.ኤ.አ. በ1937 ያስተዋወቀው ባለ 500 ሲሲ «ስፒድ ትዊን» ሁለቱ ፒስተኖቹ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። አንዱ ሲሊንደር ሲፈነዳ ሌላው አየርና ነዳጅ ይስባል። ስለዚህ በየ360 ዲግሪው አንድ ፍንዳታ ይኖራል ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል፣ ድምፁ የተስተካከለ፣ በአንድ ካርቡሬተርም የሚሄድ በመሆኑ ቢኤስኤና ኖርተን ተከተሉት፤ ያማሃም በ1970ዎቹ በገነነው «ኤክስኤስ 650» ይህንኑ መንገድ ያዘ።

ጉድለቱ እዚያው ላይ ነው። አብረው የሚንቀሳቀሱ ሁለት ፒስተኖች ለሞተሩ እንደ አንድ ትልቅ ፒስተን ናቸው። በክራንክ ሻፍቱ ላይ የሚጨመረው ማመጣጠኛ ክብደት የላይና ታቹን ንዝረት ሲቀንስ፣ የፊትና ኋላ ንዝረት ይፈጥራል። ኖርተን በ1967 ባቀረበው «ኮማንዶ» ሞተሩን በላስቲክ ላይ ያሰረው ለዚህ ነው። ንዝረቱን ከነጂው ለየው እንጂ አላጠፋውም።

ማዕዘኑ ሲቀየር ምን ይሆናል?

የአንዱ ሲሊንደር ክራንክ ከሌላው በ90 ዲግሪ ሲርቅ ፍንዳታው በ270 እና በ450 ዲግሪ ይፈራረቃል። አንዱ ፒስተን ጫፍ ደርሶ ሲቆም ሌላው ወደ ከፍተኛ ፍጥነቱ ተጠግቷል። በዚህም ምክንያት በአንድ ዙር ሁለቴ የሚመጣው ንዝረት እርስ በርሱ ይጣፋል፤ በአንድ ዙር አንዴ የሚመጣው ደግሞ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለቪንሰንት ሞተር ሳይክሎች የሠራው አውስትራሊያዊ መሐንዲስ ፊል ኧርቪንግ ከ90 ይልቅ 76 ዲግሪ የተሻለ ነው ብሎ ይሟገት ነበር፤ ፒስተኑ ከፍተኛ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው ከ90 ዲግሪ ቀደም ብሎ ነውና።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ሐሳቡን ተቀብለውታል። ያማሃ በ1991 በ360 ዲግሪ ያወጣውን «ቲዲኤም 850» በ1996 ወደ 270 ለውጦታል። የትሪያምፍ «ቦኔቪል ቲ120» (2016) እና የሮያል ኤንፊልድ 650 (2018) በዚሁ ማዕዘን ተሠርተዋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እነዚህ አዳዲስ ሞተሮች ተጨማሪ ማመጣጠኛ ዘንግ አላቸው፤ የድሮዎቹ የላቸውም። የአዲሱን ልስላሴ ከማዕዘኑ ብቻ መጠበቅ ስህተት ነው። ከዚህም በላይ አዲሱ ማዕዘን ሞተሩን ወደ ግራና ቀኝ የማወዛወዝ ጠባይ ያመጣል፤ ጉልበትም አይጨምርም።

ሥራው ምን ይጠይቃል?

ወጪውን የሚወስነው በመጀመሪያ የክራንክ ሻፍቱ ዓይነት ነው። የያማሃው ተጠባብቀው በተገጣጠሙ ክፍሎች የተሠራ በመሆኑ በፕሬስ ተለያይቶ መልሶ ሊገጠም ይችላል። የኮማንዶው በብሎን የታሰሩ ክፍሎች አሉት። የ1960ዎቹ ባለ 650 ሲሲ ትሪያምፍ ግን አንድ ወጥ ስለሆነ አዲስ ማሠራት የግድ ነው።

ክራንክ ሻፍቱ ብቻውን ተቀይሮ አያበቃም። ካምሻፍቱ የሚዞረው በክራንክ ሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሆነ የሁለተኛው ሲሊንደር ካሞች በ45 ዲግሪ መዞር አለባቸው። ሁለቱን ካንዴላዎች በአንድ ጊዜ የሚያቀጣጥል ቦቢናም ከእንግዲህ አይሠራም፤ ለየሲሊንደሩ የራሱ ቦቢናና የራሱ ምልክት ሰጪ ያስፈልገዋል። በመጨረሻም ሁሉም እንደገና በማሽን ላይ ሚዛኑ መስተካከል ይኖርበታል። ከእነዚህ አንዱ ከተዘለለ ሞተሩ ከቀድሞው ብሶ ይገኛል።

እንዴት ይወሰን?

በመጀመሪያ ቀላሉን ይሞክሩ። የሞተሩን ማሰሪያ ብሎኖች፣ የሁለቱን ካርቡሬተሮች መስማማት፣ የካንዴላውን የማቀጣጠያ ሰዓትና የኩሽኔታዎቹን ሁኔታ ያስመርምሩ። «ተፈጥሮው ነው» የተባለ ንዝረት ብዙ ጊዜ የጥገና ጉድለት ሆኖ ይገኛል።

የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ፣ ክፍሎቹም ኦሪጅናል ከሆኑ መተዉ ይሻላል። ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለዚያ ኦሪጅናልነት ነው፤ የተቆረጠና የተበየደ ካምሻፍት ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። በአንጻሩ ኩሽኔታው አልቆ ሞተሩ የግድ የሚፈታ ከሆነ፣ ቀድሞም ብዙ ክፍሉ የተለወጠ ከሆነና ባለቤቱ ረጅም መንገድ የሚነዳው ከሆነ፣ ለውጡ ትርጉም ይኖረዋል።

መካከለኛ መንገድም አለ። አዲስ ክራንክ ሻፍትና ካምሻፍት ገዝቶ መግጠም፣ የድሮዎቹን ደግሞ ዘይት ቀብቶና ጠቅልሎ ማስቀመጥ። ወጪው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ባለቤት የመመለስ ዕድል ይኖረዋል። ሲሸጡትም የተደረገውን ለውጥ በጽሑፍ አያይዘው ይስጡ። ቀጣዩ መካኒክ በፋብሪካው መጽሐፍ ተመርቶ ታይሚንጉን ቢያስተካክል ቫልቭና ፒስተን ሊያጋጭ ይችላልና።