የተግባር ምርምር (በትምህርት)

የተግባር ምርምር መምህራን በክፍላቸው የሚያጋጥማቸውን ችግር ለይተው መፍትሔ የሚሞክሩበትና ውጤቱን የሚመዝኑበት የጥናት ዘዴ ነው። ጽንሰ ሐሳቡን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የሥነ ልቦና ሊቁ ኩርት ሌዊን ነው። አሜሪካዊው ስቲቨን ኮሪ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶች አምጥቶታል፤ በብሪታንያም ሎውረንስ ስቴንሃውስ መምህሩ ራሱ ተመራማሪ እንዲሆን ተሟግቷል።

ሂደቱ ማቀድ፣ መተግበር፣ መታዘብና መልሶ ማጤን እየተፈራረቁ የሚደጋገሙበት ዑደት ነው። ለምሳሌ፣ ተማሪዎቿ የቤት ሥራ የማይሠሩባት መምህርት ምክንያቱን ታጣራለች፤ የጥንድ ሥራን ትሞክራለች፤ ለውጡንም ከቀድሞው መዝገብ ጋር ታነጻጽራለች። ግኝቱ በዋነኝነት የሚያገለግለው ያንኑ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ የተግባር ምርምር የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ አካል ነው።