ጂፕ ሲጮህ፦ እንግዳ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ማወቂያ

በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና፣ በተለምዶ ጂፕ የሚባለው፣ ከተራ መኪና የበለጡ የሚሽከረከሩ ክፍሎች አሉት። ከካምቢዮው ቀጥሎ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ትራንስፈር የሚባል ሌላ የጥርስ ሳጥን አለ። ከፊትም ከኋላም ዲፈረንሻል አለው። ስለዚህ እንደ ንብ እዝ የሚል አንድ ድምፅ ከብዙ ቦታ ሊመጣ ይችላል። ለመካኒክ «መኪናው ይጮኻል» ብሎ ብቻ የሚያስረክብ ሰው ደህና ዕቃ ተቀይሮለት ገንዘቡን ሊያባክን ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ድምፁ ምን እንደሚከተል መለየት ነው፦ ሞተሩን፣ የመኪናውን ፍጥነት፣ መሪውን ወይስ ነዳጅ የሚሰጠውን እግር?

መኪናው ቆሞ

የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ (አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ) ነዳጅ ቀስ ተብሎ ይሰጣል። ድምፁ ከሞተሩ ጋር ከጨመረ ችግሩ በአብዛኛው ከኮፈኑ ሥር ነው፤ ቺንጋው፣ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ወይም የውሃ ፓምፑ ይታያል። መሪው ሲዞር ብቻ የሚጮህ ከሆነ፣ በዘይት በሚሠራ መሪ ላይ በመጀመሪያ የመሪው ዘይት መጉደሉ ይታያል።

መኪናው ሲሄድ

በጊቭዓት ኦልጋ የውስጥ መንገዶች ያልተሰማ ድምፅ በመንገድ ቁጥር 2 ላይ በ80 ወይም በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሊወጣ ይችላል። አሽከርካሪው ዓይኑን ከመንገድ እንዳያነሳ፣ ድምፁ በስንት ፍጥነት እንደጀመረ አብሮት የተቀመጠ ሰው ቢጽፍለት ይሻላል።

• ነዳጅ ሲሰጥ የሚጮህና እግር ሲነሣ ጸጥ የሚል ወይም ቃናው የሚለወጥ ከሆነ፣ የዲፈረንሻል ጥርስ ይጠረጠራል።

• መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚበረታ ከሆነ፣ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚበረታ ከሆነ የግራው ነው።

• አስፋልቱ ሲለወጥ ድምፁም የሚለወጥ ከሆነ ምናልባት ጎማው ነው። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ በተፈጥሮው ይጮኻል። የፊትና የኋላ ጎማዎች ቦታ ሲለዋወጡ ድምፁ አብሮ ቦታ ከቀየረ ጥርጣሬው ይረጋገጣል።

• አራቱንም ጎማ ማስገቢያ መቀያየሪያ ባለው መኪና ላይ፣ በአራት ሲሄድ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ትራንስፈሩና የፊት ዲፈረንሻሉ ይመረመራሉ። ይህ ሙከራ በአሸዋ ወይም በአፈር መንገድ ላይ ይደረግ። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ መኪናዎች የፊትና የኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ የተለያየ ርቀት ሲሄዱ ልዩነቱን የሚያስተካክል ክፍል የለም። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ፤ ሊሰበሩም ይችላሉ።

ዘይቱ የሚናገረው

ዲፈረንሻልና ትራንስፈር ከሞተሩ የተለየ የራሳቸው ዘይት አላቸው። የሞተር ዘይት ሲቀየር አብሮ አይቀየርም፤ ብዙ ጊዜም ይረሳል። በክረምት ዝናብ በጎርፍ ውስጥ ያለፈ መኪና ዘይቱ መታየት አለበት። በሥራ የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ በዚህ ጊዜ በመተንፈሻው ወይም ባረጀ ጎሚኒ በኩል ውሃ ሊስብ ይችላል። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ መግባቱን ያሳያል። የሚያብረቀርቅ የብረት ስብርባሪ በብዛት ከታየ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው። ዘይቱ ጎድሎ ብቻ ከሆነ ቶሎ ከተደረሰበት ወጪው ትንሽ ነው፤ ከዘገየ ሙሉ ዲፈረንሻል ያስቀይራል።

መንዳት የማይገባበት ጊዜ

ድምፁ ወደ መፋጨት ከተለወጠ፣ መሪው ከተንቀጠቀጠ፣ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ከጋለ ወይም የሚቃጠል ነገር ከሸተተ መኪናው መቆም አለበት። ያለቀ ኩሽኔታ ጎማውን ሊያስለቅቅ፣ ዘይት ያለቀበት ዲፈረንሻልም በጉዞ መሐል ሊነክስ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚጠራው ግራር፣ ማለትም ጎታች መኪና ነው።

ጋራዥ ሲደረስ

የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው ጋራዥ መምረጥ ይገባል። ዕብራይስጥ ለሚከብደው ሰው አምስት ቃላት ይበቃሉ፦ ራዓሽ (ድምፅ)፣ ሄጌ (መሪ)፣ ጋዝ (ነዳጅ መስጫ)፣ ሜሳቭ (ኩሽኔታ)፣ ሼሜን (ዘይት)። ከሁሉ የሚበልጠው መካኒኩን አስቀምጦ አብሮ መንዳትና ድምፁን በጆሮው ማሰማት ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋው በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ሲያልቅም የወጣው አሮጌ ዕቃ ይታይ።